ባዶው የዘብ ጎጆ

ጋሪው ቁልቁለቱን እንደጀመረ ዶርካስ ቬን የጃቤዝ ክሮልን ቀኝ እጅ መታ አደረገችው።

«ምን አደረግሁ ደግሞ?» አለ።

«እጅህ ተነሣ።»

«ልጓሙን ላስተካክል ብዬ ነው።»

«ልጓሙ ጭንቅላትህ ላይ ነው እንዴ?»

ጃቤዝ እጁ ወዴት እየሄደ እንደነበር ራሱም ያውቀዋል። ከፊታቸው፣ ከመንገዱ ዳር፣ አንድ ቀይ ለባሽ ወታደር ጠመንጃውን ግንድ ላይ አስደግፎ፣ ጫማውን አውልቆ እግሩን ያካል። ቀና ብሎም አላያቸውም። የጃቤዝ እጅ ግን ቀዩን ኮት ገና ሲያይ ባለቤቱን ሳያማክር ወደ ባርኔጣው ጉዞ ጀምሮ ነበር።

ወታደሩን አለፉት። ፈረሱ ጅራቱን አወናጨፈ። ከኋላቸው ቅርጫት ውስጥ የተፋፈጉት የዶርካስ ጌታ የሚስተር ሃድሎው ዶሮዎች ጋሪው በነጠረ ቁጥር የሚሳደቡ ይመስላሉ።

የጃቤዝ እጅ ይህን አመል ያመጣው ከፖርት አርተር ነው፤ እንግሊዝ ወንጀለኞቿን ከምትግዝበት ከዚህ ደሴት ዋና እስር ቤት። እዚያ ማንም ግዞተኛ፣ ወታደር ሲያይ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ መኮንን ሲያይ ያወልቃል፤ የመኮንን ሚስት፣ የመኮንን ልጅ፣ አንዳንዴም የመኮንን ውሻ ሲያይ ያወልቃል። ይህን የትም ያለ እስረኛ ለምዶታል። ከሁሉ የሚከፋው የዘብ ጎጆው ነው፤ አንድ ሰው ቆሞ የሚጠብቅባት፣ ከሬሳ ሣጥን ብዙም የማትሰፋ የእንጨት ጎጆ። ዘቡ ውስጧ ኖረም አልኖረም፣ በፊቷ የሚያልፍ ግዞተኛ ባርኔጣውን ማውለቅ አለበት። ጃቤዝ ገና እንደደረሰ አንድ ጊዜ ጎጆዋን ባዶ ናት ብሎ ዝም ብሎ አልፏት ነበር። ጀርባው ላይ በጅራፍ አስረዱት፤ ጎጆዋ የንጉሡ ናት፤ ንጉሡ ደግሞ ሁልጊዜ ቤቱ አለ።

አሁን የሚሄዱበት የሆባርት ታውን ወደብ ላይም እንዲህ ያለች ጎጆ አለች። ወደ ውኃው በሚዘልቀው የእንጨት ድልድይ መካከል ተተክላለች፤ ዘቡ በሙቀት ጊዜ ጥላ ፍለጋ ስለሚሄድ ብዙውን ቀን ባዶዋን ትውላለች። ድልድዩ መግቢያ ላይ ሳይላስ ፌርን የሚባል ኮንስታብል፣ የከተማው ፖሊስ፣ ይቆማል። እሱም ግዞተኛ ነው። በዚህ ደሴት ሌባን የሚይዘው ሌባ ነው፤ ኮብላይ የያዘ ኮንስታብል የራሱ ፍርድ ይቀልለታል። ፌርን መሮጥ አይወድም አሉ። ፒፓውን እያጨሰ ጎጆዋን ብቻ ያያል። ጥሩ ኮት የለበሰ፣ ጢሙን የተላጨ፣ ራሱን ነጻ ሰው ያስመሰለ ኮብላይ ሁሉ ከፌርን ጋር እየሳቀ ያወራና ጎጆዋ ጋ ሲደርስ እጁ ብድግ ይላል። በቃ። እነ ዶርካስ በመጡበት በኒው ኖርፎክ ኩሽናዎች ውስጥ ገረዶቹ ሲያወሩ፣ ያች ጎጆ ከአሳዳጅ ውሾች የበለጠ ሰው በልታለች ይላሉ።

ለዚህ ነው ዶርካስ የዶሮውን ቅርጫት ያዘጋጀችው። ባለ ሁለት እጀታ ነው፤ ከባድ ነው። ሁለቱም እጆቹ የተያዙ ሰው ባርኔጣውን ማውለቅ ቢፈልግስ በምን ያወልቃል?

ጃቤዝን ያገኘችው ክረምቱ ሲገባ ነበር፣ እሷ ራሷ ግዞተኛ ገረድ ሆና በምትሠራበት በሚስተር ሃድሎው እርሻ፣ አሳማዎቹ መካከል። ከፖርት አርተር አምልጦ፣ መውጫው መንገድ ላይ በሰንሰለት የታሰሩትን ጠባቂ ውሾች በባሕር ዞሮ፣ ዱር ለዱር ተንከራትቶ፣ አጥንቱ ቆዳውን ሊቀድ ሲደርስ የአሳማ ምግብ ሲበላ ደረሰችበት። መጮህ ትችል ነበር። ያልጮኸችው አዝናለት አይደለም፤ ባል ትፈልግ ስለነበር ነው። ከዚያ ቀደም ድንች ሊገዛ የመጣ የአንድ ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ምክትል ካፒቴን ብቻዋን ያለች ሴት እንደማይጭን፣ መርከበኞቹ ተባልተው እንደሚያልቁበት፣ በሚቀጥለው ሲመለስ መቅዘፍ የሚችል ባል ይዛ ከመጣች ግን ሁለቱንም ኒውዚላንድ እንደሚያደርሳቸው ነግሯት ነበር። ኮንስታብል አስከትለሽ ከመጣሽ አላውቅሽም ሲልም አስጠንቅቋታል። ጃቤዝ ደግሞ እንግሊዝ አገር ሳለ ጀልባ ቀዛፊ ነበር። እግዚአብሔር ባል ሲሰጥ ከአሳማ ጋርም ቢሆን ያቀርባል ብላ ወሰደችው።

ሱፍ ማከማቻው ውስጥ ደብቃ መገበችው። ፀጉሩ እስኪያድግ፣ ጉንጩ እስኪሞላ ጠበቀች። ሃድሎው ከሚስቱ ጋር ወደ ሰሜን ለሠርግ ሲሄድ ኮቱን፣ ረጅሙን ጥቁር ባርኔጣውን፣ ጋሪውንና ዶሮዎቹን ወሰደች። ለራሷ የእሜቴን ቆብና ጓንት። ከዛሬ ጀምሮ ሚስተርና ሚስስ ጋርላንድ ናቸው።

ጌታ መሆንንም አስተማረችው። ጌታ አያብራራም፤ ያዛል። ጌታ አያመሰግንም። የሆነ ነገር ሲወድቅበት አያነሣም፤ እስኪነሣለት ይጠብቃል። ጃቤዝ ደካማ ተማሪ ነበር። ሱፍ ማከማቻው ውስጥ እንኳ ሾርባ ባመጣችለት ቁጥር ከመቀመጫው ይነሣላት ነበር።

«ሕጉን ንገረኝ» አለችው አሁን። የወንዙ አፍ ከሩቅ መታየት ጀምሯል።

«አንዳችን ብንያዝ ሌላው ይሄዳል።»

«ዞር ብሎስ?»

«አያይም። ዞር ብሎ አያይም።» ትንሽ ቆይቶ፣ «ዶርካስ፣ እኔ ብያዝ ግን መርከቡ ያለ ባል ይወስድሻል?» አላት።

«ባሌ ተያዘ ብዬ አለቅሳለሁ። ሲያለቅሱባቸው አይችሉም።»

የተናገረችው እውነቷን ነው። ሕጉን ስታወጣ «አንዳችን» ብላ ነበር፤ በልቧ ግን ያ አንዱ ማን እንደሆነ አንድም ቀን ተጠራጥራ አታውቅም። እጁ የሚከዳው እሱ ነው። እሷ ተያዘች ማለት ደግሞ የሴቶቹ እስር ቤት ማለት ነው፤ ፋብሪካው ይሉታል። ፀጉርን ይላጩና ልብስ ማጠቢያ ገንዳ ፊት ያቆማሉ፤ ፍርዱም ይረዝማል። አንድ ጊዜ ቀምሳዋለች። ሁለተኛ አትገባም።

ከተማው መግቢያ ላይ ድንጋይ የሚፈልጡ እስረኞች አገኟቸው። እግር ብረት ታስረዋል፤ ቢጫው ልብሳቸው በአቧራ ነጥቷል። ጋሪው ሲቃረብ አለቃቸው ጮኸ፤ ሁሉም መዶሻቸውን አቁመው ለሚስተር ጋርላንድ ቆባቸውን አወለቁ። ዶርካስ የጃቤዝን ክንድ በክርኗ ተጫነችው። እጁ ልጓሙን አጥብቆ እንደያዘ ቀረ፤ አልተነሣም። ከመካከላቸው አንድ ጥርሰ ወላቃ ሽማግሌ ጃቤዝን ትኩር ብሎ አየውና ፊቱ በዝግታ በራ።

«ጌታዬ» አለ ሽማግሌው፣ «ኮትዎ ያምራል። ልብስ ሰፊዎን ቢነግሩኝ እኔም አሰፋ ነበር።»

ጓደኞቹ ሳቁ። አለቃቸው ሽማግሌውን በዱላ ጎሸመው። ጃቤዝ ከንፈሩን ነክሶ ፈረሱን ነዳ። ኋላ ላይ ሰውዬው ከእሱ ጋር በአንድ ሰንሰለት ታስሮ እንደነበር፣ ቢፈልግ ኖሮ እዚያው ሊያስይዘውና ብረቱን ሊያስፈታ ይችል እንደነበር ነገራት። ዶርካስ ታዲያ ዝም ካለልህ ምን ያስተክዝሃል አለችው።

ወደቡ በሬንጅና በዓሣ ነባሪ ዘይት ይሸታል። ጋሪውን ቢራ መጥመቂያው አጥር ላይ አሰሩት። ከድልድዩ ጫፍ የምክትል ካፒቴኑ ጀልባ ይታያል፤ ቀዛፊዎቹ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የባሕሩ ውኃ ወደ ኋላ መሸሽ ጀምሯል፤ ጀልባዋም አብራ መሄዷ ነው። ጃቤዝ ቅርጫቱን በሁለት እጁ አቅፎ አነሣ። ዶርካስ እንደ ሚስት ከጎኑ ሆነች፤ ክንዱን በስሱ ያዘች።

ጎጆዋ ድልድዩ መካከል ቆማለች። ጥቁርና ነጭ የተቀባች፣ በሯ ክፍት፣ ውስጧ ባዶ።

ኮንስታብል ፌርን አጭር፣ ወፍራም፣ ከእንቅልፉ አሁን የነቃ የሚመስል ሰው ነው። ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላምታ ሰጣቸው። የዶሮዎቹን ውፍረት አደነቀ። ጃቤዝ ለካፒቴኑ ናቸው አለና አፉን ዘጋ፤ እንደተማረው። ፌርን ከደሴቱ የሚወጣውን ሁሉ ስም መጠየቅ ሥራው እንደሆነ፣ ጌታዬ እንዳይቀየሙት፣ በትሕትና አስረዳ።

«ጋርላንድ» አለ ጃቤዝ።

«እሺ ጌታዬ። የእሜቴስ ስም?»

ዶርካስ በዚያች ሰዓት የጃቤዝን ጣቶች እያየች ነበር። የቀኝ እጁ አውራ ጣት ከእጀታው ሊላቀቅ እየሞከረ ነበር። አንተ ርጉም ጣት፣ አርፈህ ቁጭ በል እያለች ነበር በልቧ። አፏ በራሱ መለሰ፦

«ዶርካስ ቬን፣ በሌዲ ሃርኮርት።»

በዚህ ምድር ግዞተኛ ከአባቱ ይልቅ በመርከቡ ይጠራል። እሑድ እሑድ በቆጠራ፣ ዳኛ ፊት፣ አዲስ ጌታ ደጃፍ፣ ስምሽ ሲሏት ስሟንና ያመጣትን መርከብ አከታትላ ስትናገር ኖራለች። ነጻ ሴት መርከብ የላትም። ነጻ ሴት ስሟን ብቻ ትናገራለች።

ፌርን ፒፓውን ከአፉ አወጣ።

«በሌዲ ሃርኮርት» አለ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያጣጥመው ሁሉ። «እኔ በኤልዛ ኪት ነኝ። እና አንቺ፣ መቼ ነው የተጋባችሁት?»

አንቺ አላት። ያን ያህል ፈጥና ወረደች። ጃቤዝ አፉን ሊከፍት መሆኑን አየች፤ ከተናገረ የሚናገረው ይቅርታ እንደሆነም አወቀች። ክንዱን ለቀቀችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ምን ተጋባን ትለኛለህ?» አለችው ፌርንን። «ገረዳቸው ነኝ። እሜቴ ይህን ቢሰሙ ቆዳዬን ነበር የሚገፉት።»

«ቆቡና ጓንቱስ?»

«ያረጀባቸውን ነው የሰጡኝ። ቅናትህ ከሆነ ለአንተም እለምንልሃለሁ።»

ፌርን ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። ገረድ ከጌታዋ ጋር ወደብ ብትወርድ ወንጀል የለበትም። ዶርካስ ይህን ስትናገር ምን እንዳደረገች ገባት፤ የመንግሥት ገረድ መርከብ ላይ አትወጣም። በራሷ አፍ ከጀልባዋ ወርዳለች። ቢሆንም ገና መተንፈስ ሳትጀምር ፌርን በፒፓው ጫፍ ቅርጫቱን አመለከተ።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለ። «ጌታ ዶሮ ተሸክሞ፣ ገረድ እጇን እያወዛወዘች የምትሄደው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ከዶሮዎቹ አንዷ ጮኸች። ዶርካስ ቅርጫቱን አየች። ያን ቅርጫት ያመጣችው እሷው ናት።

«ከኒው ኖርፎክ ጀምሮ እጄን አመመኝ እያለች ስትነጫነጭ ነው የመጣችው» አለ አንድ ሰው። ድምፁ ጎርናና፣ የተሰላቸ ነበር። የጃቤዝ መሆኑን ያወቀችው ቅርጫቱ ደረቷን ሲገጫት ነው። «እንኪ። ተሸከሚ።»

«እሺ ጌታዬ» አለች።

ፌርን ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀ። ይለፉ ጌታዬ አለ። እሱ ግን አልተከተላቸውም፤ እዚያው መግቢያው ላይ ቆሞ ፒፓውን መልሶ አፉ ውስጥ ከተተ። ለምን እንደቆመ ዶርካስ ታውቃለች።

ድልድዩን ያዙት። ጃቤዝ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ እንደ ገረድ። ክንዱን መያዝ አትችልም፤ መናገር አትችልም። ቅርጫቱ ክንዷን ይጎትታል። የጃቤዝ እጆች ባዶ ናቸው፤ በኮቱ ጎንና ጎን ተንጠልጥለው የሚያደርጉትን ያጡ እጆች። ኪስህ ክተታቸው። አንዴም ቢሆን ብልጥ ሁንና ኪስህ ክተታቸው። አልከተታቸውም። ጎጆዋ ቀረበች። ሳንቃዎቹ ከእግራቸው ሥር ይንኳኳሉ። ቀኝ እጁ ተነሣ።

እንዳለፈው ሁሉ ባለቤቱን ሳያማክር ተነሣ። የባርኔጣውን ጠርዝ ያዘ። አወለቀው። ከኋላዋ ፌርን ሲያስል ሰማች፤ ከዚያ ማሳሉን አቋረጠ።

ጃቤዝ አልቆመም። ባርኔጣውን ወደ ኋላ ዘረጋና፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት፣ ቅርጫቱ ላይ ጣለላት።

«ያዢ» አለ።

ሌላ ምንም አልጨመረም። መሐረብ አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። ባዶ ራሱን ጎጆዋን አለፈ፤ ሙቀት ያስመረረው፣ ሌላ ምንም የማያስጨንቀው ጌታ።

 ጀልባዋ ጋ ሲደርሱ ምክትል ካፒቴኑ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን፣ ከዚያ ከመግቢያው ወደ እነሱ መራመድ የጀመረውን ፌርንን አየ። ባልና ሚስት ነበር የተባልኩት ብሎ አጉረመረመ። ዶርካስ ቅርጫቱን አቀበለችው። ባርኔጣው እጇ ላይ ቀረ።

ጃቤዝ ጀልባዋ ውስጥ ወርዶ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ እንደገና የጃቤዝ ፊት ሆነ።

«ዶርካስ» አለ በሹክሹክታ፣ «ወደዚህ ዝለዪ፤ እኔ…»

«ሕጉን» አለችው ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «እየመጣ ነው። ጌታ ሁን።»

የፌርን ጫማ ሳንቃው ላይ ቀረበ። ጃቤዝ ዓይኑን ከእሷ ነቀለና ከራሷ በላይ አየ።

«ኮንስታብል» አለ ጮክ ብሎ። «ይቺን ማታ እስክመለስ ጣቢያ አስቀምጥልኝ። መንገዱን ሁሉ ስትመልስልኝ ነው የዋለችው። ነገ ዳኛ ፊት አቆማታለሁ።»

«እሺ ጌታዬ።»

ለአፍታ ልትበላው ደረሰች። ከዚያ ገባት፤ ሌላ የሚባል ነገር አልነበረም። ግዞተኛ ገረዱን የመንገድ ፈቃድ ሳይጽፍላት ብቻዋን ትቷት ቢሄድ ፌርን እዚያው ይጠይቀው ነበር፤ መጻፍ ደግሞ አይችልም። መቅዘፊያዎቹ ውኃውን መቱ። ጀልባዋ ወጣች። ጃቤዝ በጀልባዋ የኋላ ጫፍ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ነፋሱ ፀጉሩን ያምሰዋል። ዞር ብሎ እንዳያይ ጸለየች። ዞር ብሎም አላየም። ያንን ሁሉ ጊዜ አስተምራው እንቢ ያለው ሁሉ ዛሬ በአንድ ከሰዓት ገባው። ተናደደችበት።

«ነይ እንሂድ» አለ ፌርን።

ጎን ለጎን ሆነው በድልድዩ ላይ ወደ ከተማው መመለስ ጀመሩ። ፌርን እያሰበ እንደሆነ ታያለች፤ የሚያስብ ሰው ደግሞ ያስፈራታል። ጀልባዋ መርከቡ ጋ አልደረሰችም። ፌርን ቢጮህ ቀይ ለባሾቹ ጀልባ አላቸው፤ ይደርሱባታል።

«ባርኔጣቸውን ረሱት» አለ ፌርን።

«ሌላ አላቸው።»

«ባዶ ራሱን ካፒቴን ዘንድ የሚሄድ ጌታ አላየሁም።» እርምጃውን አዘገመ። ዞሮ ጀልባዋን አየ። «ደግሞ አንቺ ስምሽን ስትነግሪኝ እሱ ነው የደነገጠው። ገረድ ስሟን ብትናገር ጌታን ምን ያስደነግጠዋል?» ደረቱ በአየር ሞላ። አፉ ተከፈተ።

ጎጆዋ ጋ ደርሰው ነበር። የፌርን ቀኝ እጅ ተነሣና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ማንም የለም እኮ» አለችው ዶርካስ።

ፌርን እጁን አየ። ባርኔጣውን አየ። የኮንስታብል ባርኔጣ ነው፤ መንግሥት የሰጠው፤ ምልክት ያለበት። ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ዶርካስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጩኸህን ጩኽ፣ ከዚያ ግን ሰውዬው ዓይንህ እያየ እዚህችው ጎጆ ፊት ባርኔጣውን ማውለቁን፣ አንተም እሺ ጌታዬ ብለህ መሸኘትህን ለአለቃህ ራስህ ታስረዳለህ አለችው። ድንጋይ የሚፈልጡት ሰዎች ከከተማው መግቢያ ላይ ናቸው፤ ቦታ አያጡለትም።

ፌርን ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። ጀልባዋ መርከቡን ተጠጋች። ገመድ ተወረወረ።

«እኔ ያየሁት ጌታ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ለእሷም ለራሱም ሳይሆን ለጎጆዋ እንደሚናገር። «ማታ ካልተመለሰ ከጌታዋ የኮበለለች ገረድ ያዝኩ እላለሁ። ቀድሚ።»

«ፋብሪካውን አውቀዋለሁ» አለች። «መንገዱን አታሳየኝም።»

የእሜቴን ቆብ ፈታችና ጀርባዋ ላይ አንጠለጠለችው። የሃድሎውን ረጅም ጥቁር ባርኔጣ ራሷ ላይ ደፋች። ሰፋት፤ እስከ ቅንድቧ ወረደ። ነገ ፀጉሬን ሲላጩኝ ደግሞ የባሰ ይሰፋኛል ብላ አሰበች። ከዚያ በባዶዋ ጎጆ ፊት፣ ሁለቱንም እጆቿን ወደ ታች ለቅቃ፣ ቀጥ ብላ አለፈች።